ኢንጂነሪንግ ለሚጀምር ተማሪ የቱ ካልኩሌተር? ኢኤስ ፕላስ፣ ኢኤክስ፣ ሲደብሊው ወይስ ግራፊንግ

ትምህርት በተጀመረ ቁጥር የምጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። "ታናሽ ወንድሜ ኢንጂነሪንግ ሊገባ ነው፣ የቱን ካልኩሌተር ልግዛለት?" ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይደውላል። አንዴ ልጻፈውና ከእንግዲህ የጠየቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልላክ።

መልሴን አላቆየውም። ካሲዮ ኤፍኤክስ-991ኢኤክስ ግዙ፣ ግን ኦሪጂናሉን። ለእሱ ገንዘብ ካልበቃ ኦሪጂናል 991ኢኤስ ፕላስ ግዙ፣ ያገለገለም ቢሆን ግድ የለም። ፎርጅድ ኢኤክስ ግን በነጻ ቢሰጧችሁም ፈተና ይዛችሁ አትግቡ።

"ስልኬ ላይ አፕ አለ" የምትሉም አላችሁ። መፈተኛ ክፍል ስልክ አይገባም። በቃ።

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከዋጋ ነውና እኔም ከዚያው ልጀምር። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትሱን (ቲአይ) ቲአይ-84ን የመሰሉት፣ ግራፍ የሚስሉት ግራፊንግ ካልኩሌተሮች ከኢኤክሱ በብዙ እጥፍ ይወደዳሉ። ቤተሰብ ደግሞ ውድ የሆነው ሁሉ የተሻለ ስለሚመስለው ተበድሮም ቢሆን ይገዛል። ከዚያ ልጁ የመጀመሪያው ፈተና ላይ ይዞት ሲገባ "ይሄ አይፈቀድም" ይባላል። አሜሪካ ውስጥ የኢንጂነርነት ፈቃድ ለማግኘት የሚወሰደው የኤፍኢ ፈተና እንኳ ግራፊንግ አያስገባም። እዚያ የሚፈቀዱት የካሲዮ 115 እና 991 ሞዴሎች፣ የቲአይ 30ኤክስ እና 36ኤክስ ሞዴሎች፣ የኤችፒ 33ኤስ እና 35ኤስ ብቻ ናቸው። ግራፍ ማየት ለሚፈልግ ላፕቶፕ ላይ ፓይተን አለ፣ እሱም በነጻ። ገንዘባችሁን ለላፕቶፑ ቆጥቡ።

ስለዚህ እውነተኛው ምርጫ በኢኤስ ፕላስና በኢኤክስ መካከል ነው። ኢኤክሱ ይወደዳል፣ አልክድም። ግን አንድ ካልኩሌተር በደህና ከተያዘ አራት አምስት ዓመት ያስመርቃል፣ ከዚያም ለታናሽ ይተላለፋል። የዋጋውን ልዩነት ለሴሚስተሮቹ አካፍሉትና እዩት፣ ለሃንዳውት ፎቶኮፒ ከምታወጡት አይበልጥም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን 417 ፋንክሽን፣ 552 ፋንክሽን የሚለውን ነገር እርሱት። ግማሹን እስክትመረቁ አትነኩትም።

የኤሌክትሪካል ተማሪዎች ግን ቀጥሎ ያለውን ሁለቴ አንብቡ። ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) ሰርኪዩት ላይ ስትደርሱ ከረንትና ቮልቴጅ የምታወጡባቸው የሜሽና የኖዳል እኩልታዎች ኮምፕሌክስ ይሆናሉ፣ ሪልና ኢማጂናሪ ክፍል ያላቸው ማለት ነው። ሁለቱም ካሲዮዎች ኮምፕሌክስ ቁጥር ይደምራሉ፣ ያባዛሉ፣ ከፖላር ወደ ሬክታንጉላር ይቀይራሉ። እኩልታ መፍቻቸው ግን ጄ (የኢማጂናሪው ምልክት) ያለበትን ቁጥር አይቀበልም። ይህን ብዙ ሰው የሚያውቀው ፈተናው መሀል ላይ ነው። መውጫው እያንዳንዱን እኩልታ ሪልና ኢማጂናሪ ብሎ ለሁለት መክፈል ነው፤ ሁለት ሜሽ ያለው ሰርኪዩት ያኔ አራት ያልታወቁ ያሉባቸው አራት ተራ እኩልታዎች ይሆናል። ኢኤስ ፕላስ የሚፈታው እስከ ሦስት ያልታወቁ ድረስ ብቻ ነው። ኢኤክስ እስከ አራት ይሄዳል። ሁለት ሜሽ ደግሞ ፈተና ላይ አዘውትሮ የሚመጣው ነው! እኔ ኢኤክስ ኢኤክስ የምለው ለዚህች ለአራተኛዋ ስል ነው። ማትሪክሱም እንደዚሁ ነው፣ በኢኤስ ፕላስ 3 በ 3፣ በኢኤክስ 4 በ 4።

ሲቪልና መካኒካል ከሆናችሁ ልዩነቱ ያን ያህል አይታያችሁም። ለእናንተ ዋናዋ ቁልፍ ያልታወቀውን ከግምት ተነስታ የምትፈልገው ሶልቭ ናት፣ እሷም በሁለቱም ላይ አለች። ፍሉይድ ሜካኒክስ ላይ የቧንቧ ፍሪክሽን ፋክተር የሚሰላበት የኮልብሩክ እኩልታ ሲመጣባችሁ ፍሪክሽን ፋክተሩ በሁለቱም ጎን ስለሚገኝ በእጅ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። እኩልታውን እንዳለ ጻፉት፣ መነሻ ግምት 0.02 ስጡት፣ ራሱ ፈልጎ ያመጣዋል። ኪስ ከሳሳ ሲቪል ተማሪ ኢኤስ ፕላስ ይዞ በሰላም ይመረቃል።

ቲአይ-36ኤክስ ፕሮም ይጠቀሳል፣ ጥሩ ዕቃ ነው። ሳይን ኢንቨርስ ለማግኘት የሳይኗን ቁልፍ ደጋግሞ መጫኑ ግን ያናድደኛል። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለው። የሬዞናንስ ፍሪኩዌንሲ ስታሰሉ ቀመሩ ውስጥ ያለውን 1÷2π እንዲሁ ብትጽፉ ቲአይው መጀመሪያ 1ን ለ2 ያካፍልና በπ ያባዛዋል፣ 1.57 ይሰጣችኋል። ኢኤክሱ ግን 2π የሚለውን ራሱ በቅንፍ ይከተዋል፣ 0.159 ይሰጣል። መልሱ በአሥር እጥፍ ገደማ ይለያያል ማለት ነው። ቲአይ ያላችሁ ቅንፍ መክፈት ልማድ ይሁንባችሁ።

አሁን ወደ ፎርጅዱ። እዚህ ላይ ብዙ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ሞዴል ተሳስቶ አይደለም። የካሲዮ 991 ቤተሰብ በጣም ከሚኮረጁት አንዱ ነው፣ ከላይ ሲታይ ደግሞ አይለይም። የክፍላችን አንድ ልጅ "ርካሽ አገኘሁ" ብሎ ደስ እያለው የገዛው ነበር። የሶላሩ ቦታ ላይ ያለው ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ፋይናል ላይ ባትሪው አለቀበት፣ የቀረውን በእጁ ሠራ። የሻጩን ስልክ ብትደውሉ አይነሳም። ዋጋው ከሌላው ቦታ በግማሽ ከወረደ አትደሰቱ፣ ተጠራጠሩ።

ስትገዙ ሻጩ ፊት ይህን አድርጉ፣ ቢኮሳተርም ይኮሳተር። 1001 ጻፉ፣ እኩል ይሆናል በሉ፣ ከዚያ ሺፍት ተጭናችሁ ቁጥሩን ወደ ፕራይም አባዢዎቹ የሚበትነውን ፋክት የሚለውን ምረጡ። 7×11×13 ካልመጣ ቅርፊቱ የ991 ሆኖ ውስጡ የተራ ካልኩሌተር ነው። ኢኤክስ ከሆነ ደግሞ ሺፍትና ኦፕሽን ስትጫኑ ኪውአር ኮድ ያወጣል። በስልካችሁ ስካን አድርጉት፣ የካሲዮን ድረ ገጽ መክፈት አለበት። የሚችል ሰው የጀርባውን ብሎን ፈትቶ ባትሪውን ያውጣና ደማቅ ብርሃን ላይ ያብራው፤ ኦሪጂናሉ በሶላሩ ብቻ ይሠራል። ይህን የሚፈቅድ ሻጭ ካገኛችሁ ዋጋ አትከራከሩት።

ያገለገለ ስትገዙ ፍርሃታችሁ ሌላ ነው። ሺፍትንና 7ን አንድ ላይ ይዛችሁ ኦንን ተጫኑ፣ የፋብሪካው መመርመሪያ ገጽ ይመጣል። ከዚያ 9ን ስትጫኑ ስክሪኑ በሙሉ ይጠቁራል። በጥቁሩ መሀል ነጭ መስመር ካያችሁ መልሱለት። ስክሪኑን ከሰሌዳው ጋር የሚያገናኘው ስስ ሪባን በሙቀት የተለጠፈ እንጂ የተበየደ አይደለም፣ አንዴ ከተላቀቀ ማንም "እሠራዋለሁ" ቢላችሁ አትክፈሉ፤ ለጥቂት ሳምንት ቢመለስም ተመልሶ ይሄዳል። የማይሰማ ቁልፍ ግን አያስፈራ። ብዙውን ጊዜ ጎማው ሥር የገባ ቆሻሻ ነው፣ ከፍቶ በአልኮል መጥረግ ይበቃዋል። ባትሪው ኤልአር44 የሚባለው ትንሹ ክብ ባትሪ ነው፣ ርካሽ ነው። አርጅቶ ካፈሰሰ ግን የባትሪውን ብረት ይበላዋል፣ ስለዚህ ቤቱን ከፍታችሁ አረንጓዴ ዝገት መኖሩን እዩ።

ሲደብሊውስ? ከኢኤክስ ቀጥሎ የመጣው የካሲዮ 991 ሞዴል እሱ ነው፣ ስክሪኑም ከሁሉም ያምራል። ቁልፎቹን ግን አበላሽተውታል። ኢኤክስ ላይ አንድ ጊዜ ተጭናችሁ የምታገኙት ኢንቲግራል እዚህ ካታሎግ የሚባል ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ተቀብሯል። ክፍልፋዩን ወደ አስርዮሽ የምትቀይረዋ ቁልፍም ቀርታ ፎርማት በሚል ዝርዝር ተተክታለች። ሰዓት እየሮጠ ዝርዝር ውስጥ መመላለስ አይጥመኝም። ኢኤክስ ጠፍቶ እሱ ብቻ ከተገኘ ግን ግዙት፣ ሥራውን ይሠራል፣ አራት ያልታወቁም ይፈታል። ብቻ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምራችሁ እጃችሁን አለማምዱበት፣ ፋይናል ሊደርስ ሲል አትቀይሩ።