ጄኔሬተር ስመርጥ ላገዙኝ ጋሼ ምስጋናዬ ይድረስ

ይህን ምስጋና ቀደም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ግን መጀመሪያ ማሽኑን በሥራ ላይ ልየው ብዬ ቆየሁ። እስካሁን መብራት ሁለት ጊዜ ለረጅም ሰዓት ጠፍቶብናል፤ ለሦስት ቀንም ካምፒንግ ወጥተን ተመልሰናል። አሁን በሙሉ ልብ መናገር እችላለሁ።

ነገሩ የጀመረው በእናቴ ኢንሱሊን ነው። እማዬ ስኳር አለባት። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪጁን እያየሁ ልቤ ይሰቀላል። አንድ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ሲያድር፣ በቃ ጄኔሬተር እገዛለሁ አልኩ። ልጆቹም በእረፍት ጊዜ ድንኳን ይዞ መውጣት ይወዳሉ። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ማሽን ፈለግኩ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ሻጭ ምን ላበራበት እንደፈለግኩ እንኳ ሳይጠይቀኝ 5000 ዋት የሚሰጥ ማሽን አሳየኝ። «ትልቅ ከሆነ አያሳፍርሽም» አለኝ። ልከፍል ምንም አልቀረኝም ነበር። «ቆይ፣ የእኛን ጄኔሬተር የሚጠግኑልን ሰው አሉ፤ እሳቸውን ሳትጠይቂ እንዳትገዢ» ያለችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። እሷንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጋሼ ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ስለዚህ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። ዕድሜያቸውን ጄኔሬተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። «ስንት ዋት ልግዛ?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ማሽኑን ለጊዜው ተይውና መብራት ሲጠፋ የግድ የሚያስፈልግሽን ንገሪኝ» አሉኝ። ወረቀት አውጥተው እየጠየቁ ጻፉ። ከዚያ መለኪያቸውን ይዘው ቤት ድረስ መጡ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ፍሪጃችን ሲሠራ 150 ዋት ያህል ነው የሚስበው። ሲነሳ ግን ለቅጽበት እስከ 900 ዘለለ። ሞተር ያለው ዕቃ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሲነሳ የሚፈልገው ጉልበት ሲሠራ ከሚፈልገው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ቴሌቪዥኑ 80፣ ዋይፋዩ 12፣ አምስት አምፖል 45፣ ላፕቶፑ 65፣ ስልኮቹ 40። ሁሉም አንድ ላይ ሲሠራ 392 ዋት። ፍሪጁ የሚነሳባት ቅጽበት ስትጨመር ደግሞ 1142። በቃ፣ ይኸው ነው። 5000 ዋት ልገዛ የነበርኩት ለዚህ ነበር።

የውሃ ማፍያውንና ካውያውን ከወረቀቱ ላይ ሰረዟቸው። ማፍያው ብቻውን 2000 ዋት ይወስዳል። «ውሃ በጋዝ አፍልተሽ፣ ልብስ መብራት ሲመጣ ተኩሺ» አሉኝ። ለዚያች ምቾት ብዬ እጥፍ ማሽን ልገዛ እንደነበር ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል።

ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈውን ቁጥር ደግሞ እንዳላምን አስጠነቀቁኝ። እሱ ማሽኑ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚችለው ነው። ሳያቋርጥ የሚሰጠው በትንሹ ተጽፎ ሌላ ቦታ ይገኛል። የመረጡልኝ በጫፍ 2000፣ ሳያቋርጥ ግን 1600 ዋት የሚሰጥ ኢንቨርተር ጄኔሬተር ነው። ካምፒንግ ከፍ ያለ ቦታ እንደምንወጣ ስነግራቸው፣ አየሩ ስለሚሳሳ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት እንደሚቀንስ አስልተው አሳዩኝ። 2000 ሜትር ላይ አንድ አምስተኛው ገደማ ይሄዳል። ያም ሆኖ ይበቃናል።

ኢንቨርተር ለምን? የተለመደው ጄኔሬተር አንድ አምፖልም አበራ ሙሉ ቤት፣ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ እየዞረ መቆየት አለበት። ቤንዚኑም ጩኸቱም ለዚያው ነው። ኢንቨርተሩ ጭነቱ ሲቀንስ ሞተሩም ዝግ ይላል። የሚሰጠው መብራትም ስለማይዋዥቅ ለላፕቶፕና ለቴሌቪዥን ያሰጋል አይባልም። የእኛው በሩብ ጭነት በ4 ሊትር ቤንዚን 7 ሰዓት ያህል ይሄዳል። 20 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ብቻዬን አንስቼ መኪና ላይ እጭነዋለሁ። ያ 5000 ዋቱ ሁለት ሰው ይፈልግ ነበር።

ሐቀኛ ሰው መሆናቸውን ያየሁት ግን እዚህ ላይ ነው። «ለካምፒንግ ብቻ ቢሆን ጄኔሬተርም አትግዢ፣ ባትሪ ይበቃሻል» አሉኝ። 1000 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ እነዚያን አምስት አምፖሎች 18 ሰዓት ያህል ያበራል፤ ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው። ባትሪ የማይጠግኑ ሰው ይህን ሲሉኝ እምነቴን ጣልኩባቸው። እኛ ጄኔሬተሩን የመረጥነው መብራት ከአንድ ቀን በላይ ሲጠፋ ባትሪው የሚሞላበት ስለሌለው ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ የማመሰግንበትን ልንገራችሁ። ማሽኑን በረንዳ ላይ ላስቀምጠው ነበር። ዝናብ እንዳይመታው ብዬ። ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከማርሚታው፣ ማለትም ከጭስ ማውጫው፣ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ከዚያ ይተኛል፣ አይነሳም። በረንዳ፣ ጋራዥ፣ የድንኳን ደጃፍ ሁሉ ክልክል ነው። በርና መስኮት ክፍት መሆኑም አያድንም። ቢያንስ 6 ሜትር አርቀው፣ ማርሚታውን ከቤቱ በተቃራኒ አዙረው አስቀመጡልኝ። ለዝናቡ ጎኑ ሁሉ ክፍት የሆነ ከፍ ያለ ጣሪያ ሠሩለት። መኝታ ቤቶቹ አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ እስክገጥም ድረስም እየደወሉ ጠየቁኝ።

ሌላው የከለከሉኝ፣ ሁለቱም ጫፉ ወንድ ሶኬት የሆነ ገመድ ሠርቶ ግድግዳ ላይ መሰካት የሚባለውን ነገር ነው። እኔ ብልሃት መስሎኝ ነበር። የጄኔሬተሩ ኤሌክትሪክ ወደ ውጭው መስመር ሲወጣ፣ መስመር ጠፍቷል ብሎ እንጨት ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። በእጅ የቀረውም ጫፍ ራሱ ያነዝራል። ወይ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቼንጅ ኦቨር (ቤቱን ከመስመሩ ወይም ከጄኔሬተሩ ጋር ብቻ የሚያገናኝ ማብሪያ) ማስገጠም፣ ወይ ዕቃውን በወፍራም ኤክስቴንሽን በቀጥታ ከማሽኑ ላይ መሰካት ነው። እኛ ሁለተኛውን መረጥን።

ፍሪጁም ሌሊቱን ሙሉ ማሽን አይፈልግም። በሩ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስለዚህ በየመሃሉ ለተወሰነ ጊዜ እናስነሳለን፣ እናጠፋለን። ጎረቤትም እንቅልፉን ይተኛል። ፍሪጁ ውስጥ ያስቀመጥኳት ትንሽ ቴርሞሜትር ባለፈው ጊዜ ከ7 ዲግሪ አላለፈችም። እማዬ ጠዋት አይታት «ተመስገን» ስትል ጋሼን አሰብኳቸው።

ከሸመትኩ በኋላም አልተዉኝም። ማሽኑ ዘይት ሳይኖረው ነው ከካርቶኑ የሚወጣው፤ ሳልሞላ እንዳላስነሳው ቆመው አሞሉኝ። ቤንዚን የምጨምረው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ለወራት ካልሠራሁበት ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ክፍል፣ ካርቡሬተሩን፣ አደርቃለሁ፤ የቆየ ቤንዚን ይደፍነዋል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ራሳቸው ደወሉ። «ልጄ፣ 20 ሰዓት ሞላ? የመጀመሪያው ዘይት መቀየሪያው ደርሷል» አሉኝ። እኔ ረስቼው ነበር። እሳቸው ደብተራቸው ላይ ጽፈውታል።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጃቸው እሰጣችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን መብራት ሲጠፋ የግድ የምትፈልጉትን ዕቃ ከነዋቱ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።