ለካዮቲ ብዬ የገዛሁት የአጥር ቱቦ

የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ጓሮ ውስጥ አራት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ነበሩኝ። አሁን ሦስት ናቸው። አንዷን እኛ ሁዳዴ ይዘን ሳለ ካዮቲ የሚባለው የአሜሪካ የዱር አውሬ ገደፈባት።

እናቴ "ቀበሮ ነው" ትላለች። መመሳሰሉስ ይመሳሰላሉ። ይሄኛው ግን ባለ 6 ጫማ አጥር ምኑም አይደለም። በካሜራ አይቼዋለሁ፦ ይዘላል፣ በፊት እግሮቹ ጫፉን ይይዛል፣ በኋላ እግሮቹ እንጨቱን እየቧጠጠ ይወጣል። ድመት ነው የሚመስለው።

የገዛሁት ቱቦ የሚጥለው የአጥሩን ጫፍ ሲይዝ ነው። አሉሚኒየም ነው፤ አጥሩ አናት ላይ ይገጠማል። እንስሳው ሲይዘው ይሽከረከርና ወደመጣበት ይጥለዋል። ስለት የለው፣ ኤሌክትሪክ የለው። አንዱ ግን 4 ጫማ ብቻ ስለሆነ፣ ጓሮውን በሙሉ ለማዳረስ ስትሉ ዋጋው ያስደነግጣል። ለመግጠም ባለቤቴን ሁለት ቅዳሜ ፈጀበት።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ሲወድቅ አየሁት። እልል ማለት ነበር የቀረኝ! በሦስተኛው ሳምንት በበሩ ሥር ቆፍሮ ገባ። ደግነቱ ዶሮዎቹ ቤታቸው ተዘግቶባቸው ነበር። ካርቶኑ ላይ ስለ መቆፈር አንዲት ቃል አልተጻፈም። ወጥተን የሽቦ መረብ ቀበርን። ክረምት ሲገባ ደግሞ በረዶው ቱቦውን እንዳይሽከረከር አደረገው። የማይሽከረከር ቱቦ ለካዮቲ መያዣ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በመጥረጊያ አራግፋለሁ።

ጎረቤቴ "አስይዢውና ተገላገይ" አለኝ። ግን አንዱ ቢሄድ ሌላው ቦታውን ይይዘዋል። ቺካጎ ውስጥ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ካዮቲዎችን አንገታቸው ላይ መከታተያ እያሰሩ ያጠኗቸዋል፤ መሀል ከተማ ድረስ ገብተው ይኖራሉ፣ ሰው ሲተኛ ይወጣሉ። የሚበሉት በአብዛኛው አይጥና ጥንቸል ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ ያው ጎረቤቴ በረንዳው ላይ የድመት ምግብ ያሳድራል። ማን ነው ታዲያ የጠራው?

እናቴ በቱቦው አታምንም። ካዮቲውን በመስኮት ስታየው የምጣዱን አክንባሎ ይዛ ትወጣና አክንባሎውን በማማሰያ ትደበድባለች። የከተማው አስተዳደር ሰዎችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው፦ ጩኹ፣ ተንጠራሩ፣ አትሩጡ። እሷ ግን ማንም አልነገራት።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። የምትገዙ ከሆነ በሩንም ለኩ፤ እኔ ረስቼው ሁለት ቱቦ እንደገና አዘዝኩ።