ለክረምቱ የቱ ይሻላል፦ የእንግሊዝኛ ኮርስ ወይስ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ማንበብ?

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ለሚኖር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁለቱም ቅርብ ናቸው።

ወጪ
ኮርስ፦ ወርሃዊ ክፍያ፣ ምዝገባ፣ የሞጁል ኮፒ።
ንባብ፦ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በነፃ ነው። የታክሲና የምሳ ብቻ።

ጥቅም
ኮርሱ ሰዋስው ላይ ያተኩራል። «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን» ካለ ቀጥሎ «ዉድ ሃቭ» እንደሚመጣ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ይመልሳል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ባለ ምርጫ ጥያቄ ስለሆነ ይህ ነጥብ ያስገኛል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ለተፈጥሮም ለማኅበራዊ ሳይንስም ተማሪ የጋራ ነው። ግን ያው ልጅ ረጅም ምንባብ ሲገጥመው መሃል ላይ ይጠፋል። አጫጭር ልብ ወለድ ሲያነብ የከረመው የማያውቀውን ቃል ከዐውዱ ገምቶ ያልፋል። ይህን በኮርስ ሲያስተምሩ ብዙም አላየሁም። በመደበኛው ትምህርት ቤትም ሥነ ጽሑፍ ራሱን የቻለ ትምህርት አይደለም፤ እንግሊዝኛው መጽሐፍ ውስጥ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ።

ስጋት
ኮርስ፦ ክፍሉ ከታጨቀ አፉን ሳይከፍት ክረምቱ ያልቃል።
ንባብ፦ «ላይብረሪ ነኝ» ብሎ ቲክቶክ ላይ መዋል አለ። (እናቶች ይህን ያውቁታል።)

ለማን?
ወደ 12ኛ የሚያልፍና ሰዋስው የሚያደናቅፈው ኮርስ ይግባ። 9ኛና 10ኛ ላይ ያለ ገና ጊዜ አለው፣ ያንብብ። በካምብሪጅ ሥርዓት (አንዳንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የሚከተሉት የእንግሊዝ ሥርዓተ ትምህርት) የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍን የመረጠ ተማሪ ደግሞ የሚፈተነው በድርሰት ስለሆነ ንባቡን ቢያስቀድም ይሻለዋል።