የድመታችሁን የተቆላለፈ ፀጉር «በመድኃኒት አጥበን እንፈታለን» ለሚሉ ቀብድ አትላኩ

አዳማ ውስጥ ፀጉረ ረጅም ድመት የምታሳድጉ፣ ይቺን አንብቡ። እኔን 1,500 ብር ያስከፈለኝን እናንተ በነፃ ውሰዱት።

ጉሬዛ የምትባል የፐርሺያ ዲቃላ ድመት አለችኝ። ፀጉሯ ረጅም፣ መልኳም ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣላት። ክረምቱን እናቴን ሳስታምም ሳላበጥራት ከረምኩ። በዚህስ ጥፋቱ የራሴ ነው። ብብቷ ሥር፣ ከጆሮዋ ኋላና ሆዷ ላይ ያለው ፀጉር ተቆላልፎ የራስታ ድሬድ መሰለ። ስትራመድ ቆዳዋን እየጎተተ ያሳምማታል። ቴሌግራም ላይ «ሳንላጭ፣ በመድኃኒት አጥበን እንፈታለን፣ ቤት ድረስ እንመጣለን» የሚል ማስታወቂያ አየሁና ደወልኩ። ግማሹን በቴሌብር አስቀደምኩ።

ሰውየው ነጭ ጋዋን ለብሶ በባጃጅ መጣ። ያታለለኝ ጋዋኑ ነው። ከቦርሳው የሰው ሻምፖ፣ ተራ መቀስና ወረቀቱ የተላጠ የ«መድኃኒት» ጠርሙስ አወጣ። ማበጠሪያ የሚባል ነገር የለም። እንደመጣ በቀጥታ ገንዳ ውስጥ ነከራት። እዚያ ላይ ማስቆም ነበረብኝ። የተቆላለፈ ፀጉር ውሃ ሲያገኘው ይባሱን ይጠብቃል፤ ሲደርቅ ቆዳዋ ላይ እንደ ባና ጥቅጥቅ ብሎ ቀረ።

ከዚያ መቀሱን አነሳ። የድመት ቆዳ ስስ ነው። ቋጠሮውን ስትስቡት ቆዳው እንደ ድንኳን አብሮ ይነሳል፤ ፀጉር ቆረጥኩ ሲሉ ቆዳ ይቆርጣሉ። ብብቷ ሥር የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቁስል ከፈተባት። «ትንሽ ጭረት ናት» አለና ቀሪውን ጠየቀኝ። ከፈልኩት! እስከ ዛሬ የሚያበሽቀኝ እሱ ነው። ደረሰኝ ስለው «ነገ እልክልሻለሁ» አለ፤ ማታውኑ ብሎክ አደረገኝ። ደረሰኝ መስጠት እኮ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ በ813/2006፣ የነጋዴው ግዴታ ነው።

በነጋታው ቢሾፍቱ ወሰድኳት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ስላለ ከተማው ሐኪም አያጣም። ሐኪሟ ቁስሉን ከማየቷ በፊት የጠየቀችኝ ስለ ጠርሙሱ ነው። ለውሻ ቁንጫና መዥገር ከሚሸጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ፐርሜትሪን የሚባል ነፍሳት ማጥፊያ አለባቸው። ውሻ ይችለዋል፣ ድመትን ግን ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል። ደግሞ ድመት ሰውነቷን ትልሳለች፤ የቀባችኋት ሁሉ ሆዷ ይገባል። ጉሬዛ ተርፋለች። በማደንዘዣ አስተኝተው፣ ቆዳዋን ወጥረው፣ ቋጠሮውን በማሽን ላጩላት። አሁን ግማሽ ጎኗ የተነጨ ዶሮ ነው፤ ጎረቤቶቼ እየሳቁ ነው።

ስለዚህ የሚመጣውን ሰው በስልክ አንድ ነገር ጠይቁት፦ «መጀመሪያ ታጥባለህ ወይስ ታበጥራለህ?» አጥባለሁ ካለ ስልኩን ዝጉት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በደረቁ ይፈታል ወይም ይላጫል፤ ማጠብ ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ነው። በመቀስ እቆርጣለሁ የሚለውንም እንደዚያው።

ቋጠሮው ትንሽ ከሆነ ለማንም መክፈል አያስፈልጋችሁም። የበቆሎ ስታርች ነስንሱበት፣ ቆዳዋ እንዳይጎተት ሥሩን በጣታችሁ ያዙ፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ የብረት ማበጠሪያ ከጫፉ ጀምራችሁ ወደ ሥሩ ቀስ እያላችሁ ፍቱ። በአንድ ቀን አትጨርሱት፤ ስትቆጣ ተዋት፣ ነገም ቀን ነው። ቆዳዋ ላይ ተለጥፎ ጣት የማያስገባ ከሆነ ግን ለሐኪም ተዉት። ራሷን ስታጸዳ የኖረች ድመት በድንገት ፀጉሯን ማጽዳት ከተወች ደግሞ ጥርሷ ወይም መገጣጠሚያዋ አሟት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚያስፈልጋት ምርመራ ነው።

ማስታወቂያው ትናንት በሌላ ስም ተመልሶ አየሁት። ፎቶው ግን ያው ነው፣ ፎጣ የተጠቀለለች ነጭ ድመት። የቁስሉን ፎቶና የቴሌብር መልእክቱን አስቀምጫለሁ፤ ድመቱ የተጎዳችበት ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አብረን እናመልክት።