«ሬቤካ»፦ ባሕር የማይታይበት ክፍል

እ.ኤ.አ. በ1938 የታተመውን የዳፍኔ ዱ ሞሪዬን ልብ ወለድ «ሬቤካ» ጀምሮ ማቋረጥ ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች የሚተርኩት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው፤ ሕልም፣ ዳዋ የዋጠው ቤት፣ ሆቴል ለሆቴል የሚኖሩ ባልና ሚስት። ቀጥሎ ሞንቴ ካርሎ ይመጣል። ታሪኩ የሚያጠነጥንበት ትልቅ ቤት፣ ማንደርሌ፣ የምንደርሰው ገና በ7ኛው ምዕራፍ ነው። እስከዚያ ታገሡ፤ ስትጨርሱ ደግሞ ወደ እነዚያ ሁለት ምዕራፎች ተመለሱ፤ በሁለተኛው ንባብ ሌላ ናቸው።

ብልሃቱ ያለው መቼቱ ላይ ነው። ደራሲዋ ማንደርሌን ስትሥል በልቧ ከነበሩት ቤቶች አንዱ በኮርንዎል፣ በፎይ አቅራቢያ ያለው ሜናቢሊ ነው፤ በ1943 ተከራይታ ገብታበታለች። አዲሶቹ ተጋቢዎች የሚያርፉት በምሥራቁ ክንፍ ነው። መስኮቱ የጽጌረዳ አትክልት እንጂ ባሕር አያሳይም። የሟቿ የመጀመሪያ ሚስት፣ የሬቤካ፣ መኝታ ቤት ግን በምዕራቡ ክንፍ፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት ነው። ባልየው ምን እንደሚሸሽ ከአፉ ከመውጣቱ ብዙ ቀድሞ የክፍሉ አቀማመጥ ይናገራል። ሁለቱን ክንፎች፣ ወደ ባሕር የሚወርደውን ሸለቆና ዳርቻው ላይ ያለውን የጀልባ ቤት በአእምሮ ካርታ ያልያዘ አንባቢ፣ በጭጋግ መርከብ አለት ላይ ስትወጣ ነገሩ ተራ ገጠመኝ ይመስለዋል።

ተራኪዋ፣ አዲሷ ሚስት፣ ስም የላትም። ቤቱን የምታስተዳድረው ሚስስ ዳንቨርስ ግን ስሟም ጥላዋም ከባድ ነው። እንግሊዝኛው «አንቺ» እና «እርስዎ»ን አይለይም፤ የእሷን ንግግር ግን በ«እርስዎ» እየሰማችሁ አንብቡት። ንቀቷ አክብሮቷ ውስጥ ነው ያለው፤ አንቺ ብላ ብትሰድባት በተሻለ ነበር።

ፍንጮቹ ጥቃቅን ናቸው፦ ኮት ኪስ ውስጥ የቀረ መሐረብ፣ ከሌሎቹ ፊደላት በላይ የተዘረጋችው የሬቤካ ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ ዛጎል ለቃሚው ቤን የሚወረውራቸው ቁርጥራጭ ቃላት። ቤንን እንደ ሞኝ ቆጥሮ ማለፍ ያስቆጫል። በአንጻሩ የአበባውን ስም ሁሉ በመዝገበ ቃላት መፈለግ ንባቡን ይገድለዋል፤ ደም የመሰለውን ቀይ ሮዶደንድረን ብቻ ያዙ፣ ይበቃል።

ድክመት አለው። ተራኪዋ ያልሆነውን እያሰበች የምትፈጥራቸው ረጃጅም ትዕይንቶች መሐል ላይ ያሰለቻሉ። በሬቤካ ሞት ምርመራ ላይ ጀልባ ሠሪው የሚሰጠው ቃል በሙያ ዕውቀት የቆመ፣ ድንቅ ነው፤ ከለንደን የሚገኘው የመጨረሻው ማስረጃ ግን ዘግይቶ ስለሚመጣ አንባቢ ቀድሞ የሚገምትበት ዕድል ጠባብ ነው።

ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ከመጽሐፉ የሠራውን የ1940 ፊልም አታስቀድሙ። የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ያገኘ ሥራ ቢሆንም፣ በጊዜው የነበረው የአሜሪካ የፊልም ደንብ ስላልፈቀደ ዋናውን ድርጊት ለውጦታል። የተለወጠው ደግሞ ጥቃቅን ነገር አይደለም፤ በ19ኛው ምዕራፍ መጨረሻና በ20ኛው ላይ የሚፈነዳው ራሱ ነው።