ኢንሱሊን ይዛችሁ አገር ቤት ስትሄዱ የቱን ማቀዝቀዣ ትገዛላችሁ?

እማዬን ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ይዣት ስሄድ የሦስት ወር ኢንሱሊኗን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አይስ ፓኩን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሬ ጠዋት ከፔኖቹ (ኢንሱሊን ከሞላባቸው እስክሪብቶ መሰል መርፌዎች) ጋር በላስቲክ አሰርኩት። በጣም ከቀዘቀዘ በጣም የተጠበቀ መስሎኝ ነው። አውሮፕላን ላይ ምግብ ሲመጣ ቦርሳውን ከፈትኩ። አንዱን ፔን ወደ መብራት ሳቀርበው ውስጡ ስስ የበረዶ ስንጥር ይታያል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ደህና የነበረው እማዬ በእጅ ቦርሳዋ ከመሀረቧ ጋር የያዘችው፣ ምንም ማቀዝቀዣ ያልነካው ፔን ነው። ያንን ተወጋች፣ እኔ በረዶ የሠሩትን ጣልኩ።

ከዚያ በኋላ ማቀዝቀዣ ለመግዛት ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምለው ይህንን ነው፦ ሙቀትን ብቻ አትፍሩ። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች ተያይዘው የተጣጠፉበት ፔፕታይድ፣ ማለትም ትንሽ ፕሮቲን ነው። አንዴ በረዶ ከሠራ ያ አጣጣፉ ይበላሻል፣ ቢቀልጥም አይመለስም። ችግሩ መልኩ ደህና ሊመስል መቻሉ ነው። ትወጋላችሁ፣ ስኳሩ ግን አይወርድም።

ሁለተኛው ጥያቄ የተከፈተ ነው ወይስ ያልተከፈተ የሚለው ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። መወጋት የተጀመረበት የኢንሱሊን ፔን (ላንተስ፣ ኖቮራፒድ ወይም ሁማሎግ) ግን ከ30 ዲግሪ በታች እስከሆነ ድረስ 28 ቀን ያለ ፍሪጅ ይቆያል። ኢንሱሊን ካልሆኑት የስኳር መርፌዎች ኦዜምፒክ በአሜሪካው መመሪያ ከተጀመረ በኋላ 56 ቀን፣ ሙንጃሮ ደግሞ ከፍሪጅ ውጭ 21 ቀን ይሰጣችኋል። የራሳችሁን መድኃኒት ወረቀት አንብቡ። የምትገዙት ዕቃ የሚወሰነው በዚህ ነው።

ለተጀመረ ፔን የእኔ ምርጫ በውሃ የሚነከረው ከረጢት ነው። ታዋቂው ፍሪዮ ይባላል። ውስጡ ስኳር የሚመስሉ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ስትዘፈዝፉት ውሃውን ይጠጡና ያብጣሉ። ከዚያ ውሃው ቀስ እያለ ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። የእንስራ ውሃ ፀሐይ እየነደደ ለምን እንደሚቀዘቅዝ የሚያውቅ ሰው ይህንን ከረጢት አውቆታል። አምራቹ በ37.8 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ 45 ሰዓት ከ18 እስከ 26 ዲግሪ ይይዛል ይላል። ሲነኩት ብዙም አይበርድም፤ “ይሄ ነገር አይሠራም” ብላችሁ እንዳትመልሱት። እንዲበርድ አልተሠራም። ለዚህም ነው መድኃኒቱን ወደ በረዶ ሊለውጠው የማይችለው። ሲደርቅ የሆቴል ቧንቧ ውሃ ይበቃዋል።

ድክመቱ እርጥበት ነው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ደረቅ ሙቀት ስለሆነ ጎበዝ ነው። ጅቡቲ፣ ጅዳ ወይም ዱባይ በበጋ ግን አየሩ ራሱ ውሃ ያዘለ ስለሆነ ትነቱ ይዳከማል። ፌስታል ውስጥም አትክተቱት፣ መተንፈስ አለበት።

ባለ አይስ ፓክ ቦርሳ ያልተከፈተ መድኃኒት ብዛት ያለው ለያዘ ሰው ነው። እዚህ ላይ ከረጢቱ አይተካውም። ስትገዙ አይስ ፓኩና ፔኖቹ እንዳይነካኩ የሚለይ ግድግዳ ያለውን ምረጡ። ከሌለው ፎጣ ጠቅልሉበት። ክትባት ሰጪዎች በየቀበሌው ሳጥን አንግተው ሲዞሩ አይታችሁ ይሆናል። እነሱ አይስ ፓኩን ከፍሪዘር አውጥተው ወዲያው አይጠቀሙም። ላብ እስኪያወጣና ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ እስኪሰማ ይጠብቃሉ። እኔ ይህንን ባውቅ ሁለቱ ፔኖች ይተርፉ ነበር። ትንሽ ዲጂታል ቴርሞሜትርም አብራችሁ ግዙ፣ ከቦርሳው እኩል ያስፈልጋል።

በፓወር ባንክ ስለሚሠራው ትንሽ ፍሪጅ ብዙ አልልም። ዋጋው የከረጢቱን ብዙ እጥፍ ነው። ብዙዎቹ ከውጭው አየር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ዝቅ ከማድረግ አያልፉም፤ 40 ዲግሪ ላይ ከ20 እስከ 25 ያደርሷችኋል ማለት ነው። ያንን ከረጢቱም ያደርገዋል። ፓወር ባንኩ ደግሞ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ ከሆነ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ በበረራ ላይ መጠቀምን የሚከለክሉም አሉ። በቆላ መንገድ በመኪና ለቀናት የምትጓዙ ከሆነ ብቻ አስቡበት።

ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁስ? ቤት ያለው ፔርሙዝ አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ሞልታችሁ አቆዩት፣ ድፉት፣ በደንብ አድርቁት፣ ፔኑን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ክደኑት። ለአንድ ቀን መንገድ አይከፋም። በረዶ ግን አትጨምሩበት።

የምትሄዱት አዲስ አበባ ብቻ ከሆነና ለተጀመረ ፔን ብቻ ከሆነ ምንም አትግዙ። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ቤት ውስጥ ጥላ ይበቃል። እንዲያውም ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ኬንያ ዳዳብ መጠለያ ጣቢያ ያለውን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ የሚዋዥቅ ሙቀት ተከትለው ሞክረው፣ ኢንሱሊን 4 ሳምንት አቅሙን እንደጠበቀ በ2021 አሳትመዋል። ይህ ግን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ለመተው ፈቃድ አይደለም።

የትኛውንም ብትገዙ ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ አትላኩት። እዚያ በረዶ ሊሆንም ሊጠፋም ይችላል። የአሜሪካ ኤርፖርት ፍተሻ መድኃኒትንና አይስ ፓኩን ከ100 ሚሊ ሊትር ሕግ ውጭ ያሳልፋል፣ ቀድማችሁ ንገሯቸው። የሐኪም ደብዳቤ ያዙ። የአስተናጋጆቹ ፍሪጅ ውስጥ እናስቀምጥላችሁ ቢሏችሁ አመስግናችሁ እንቢ በሉ፤ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ አታውቁም፣ ስትወርዱም ልትረሱት ትችላላችሁ።

አሁን ከእማዬ ጋር ስንጓዝ ያልተከፈቱት ባለ ግድግዳው ቦርሳ ውስጥ፣ የተጀመረው ደግሞ በእርጥቡ ከረጢት እጅ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። የቦርሳውን ቴርሞሜትር የምትከታተለው እሷ ናት። 4 ዲግሪ ሲጠጋ ክንዴን ነካ አድርጋ “ፎጣ ጨምርበት” ትለኛለች።