ጨው ለብቻው የሚቀርብበት የጣና ዳር አሳ ቤት

ቤቷ ታፔላ የላትም። ባሕር ዳር ላይ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብላችሁ የሐይቁን ዳር ያዙ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰል ሲጨስ ካያችሁ ደርሳችኋል።

የምመላለስበት ምክንያት ባለቤቴ ነው። ግፊት አለበት። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣል፤ ጨውም ቀንስ ተብሏል። ግን እኛ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ወጥ ደግሞ ለአንዱ ጨው ያለው፣ ለአንዱ የሌለው እየተባለ አይሠራም። ውጭ ሲበላማ ይብሳል። "ጨው እንዳታደርጉበት" ትላለህ፣ "እሺ" ይሉሃል፣ የሚመጣው ጥብስ ያው ነው።

እዚህ ግን ቆሮሶው ያለ ጨው ነው የሚጠበሰው። ለሁሉም። ጎንና ጎኑን በቢላ ይተለትሉታል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጦስኝ ያሹበታል፤ ሎሚ ይጨምቁበትና ፍም ላይ ይጋደማል። ቆዳው ጠቆር ብሎ ሲሰነጠቅ ነጩ ሥጋ ብቅ ይላል፤ በጣት ነካ ሲያደርጉት ከአጥንቱ ይለቃል። ጨው በትንሽ ስኒ ለብቻው ይመጣል። የፈለገ ቆንጠር አድርጎ ይነሰንሳል። ሎሚው ስለሚበቃ ስኒው ብዙ ጊዜ እንደመጣ ይመለሳል። ባለቤቴም እንደ በሽተኛ ሳይታይ ከሰው እኩል ይበላል። ለእኔ የቤቷ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

አስተናጋጇ ግን ትፈታተነዋለች። "ጋሼ፣ ሚጥሚጣ ላምጣልዎት?" ትለዋለች። ዓይኑ ወደ እኔ። "አታምጪለት" እላታለሁ። ሚጥሚጣው ውስጥ ጨው አለ፤ አዋዜውም እንደዚያው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። የዳቦው፣ የሽሮውና የበርበሬው ጨው ደግሞ እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። እንግዲህ ምን እንደሚተርፍ አስቡት። ጋሼ ምስኪኑ ቃሪያውን እየገመጠ ይስቃል።

ፍሙንም ወድጄዋለሁ። ብዙ ቦታ አሳ የሚጠበሰው በሚረጋው ዘይት ተዘፍቆ ነው፤ ያውም ደጋግሞ በተጠበሰበት። የሚረጋው የፓልም ዘይት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ስብ ይበዛበታል። እንዲህ ከሆነ አሳ መብላቱ ምን ዋጋ አለው? ደግሞ ቆሮሶ መድኃኒት ነው ብላችሁ እንዳትመጡ። ለልብ ይጠቅማል የሚባለው ኦሜጋ 3 በብዛት ያለው እንደ ሰርዲን ባሉ ስብ ባላቸው አሳዎች ነው፤ ቆሮሶ ስቡ ጥቂት ነው። የእሱ ጥቅም የቁርጡንና በቅቤ ያበደውን ጥብስ ቦታ መውሰዱ ነው።

ቺፕሱን ግን ተዉት። እሱ በዚያው በሚረጋው ዘይት ነው የሚጠበሰው። የአሳ ሾርባውም ከጠዋት ጀምሮ ምድጃ ላይ ስለሚውል ከሰዓት በኋላ ጨው ጨው ይላል። አሳው ላይ እንዲያ የሚጠነቀቅ ቤት ሾርባው ላይ ለምን እንደሚሰንፍ አይገባኝም። ነግሬያቸዋለሁ። "እሺ እትዬ" ብለውኛል፤ እስካሁን እሺ ላይ ነን።

ደግሞ ያስጠብቃሉ። ተርባችሁ ከሄዳችሁ ትበሳጫላችሁ። እኛ አዘን እንወጣና በዘንባባው ጥላ ሐይቁን ተከትለን ፈጠን ፈጠን እያልን እንራመዳለን። ለልብ ጤና ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ይመከራል፤ አሳው እስኪደርስ ግማሽ ሰዓቱ ይገኛል። ቤቷ ሳታስበው ስፖርት ታሠራለች።

ረቡዕና አርብ አሳው ቶሎ ያልቃል፤ ከቀትር በፊት ድረሱ። ቴሌብር ይቀበላሉ። ሕፃን ከያዛችሁ አጥንቱን ራሳችሁ ልቀሙለት።